ነፋሱን ማን አየው?

ጋሽ ደበላ ማረፋቸውን የሰማሁት ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ካለው ቢሮዬ ውስጥ፣ የአንድ ደንበኛ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሲስተም ተመልሶብኝ ስነጫነጭ ነው። የደወለችልኝ አዳማ ከእሳቸው ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤት ነበረች። «ጋሽ ደበላ ወደ ጌታ ሄዱ፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ዲክላራሲዮኑን አስተካክዬ መልሼ ላክሁት። ሰው ሲሞትብኝ እንዲህ ነኝ። እጄ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሐዘኑ ቆይቶ ነው የሚደርሰው።

በዚያ ላይ ከጋሽ ደበላ ጋር የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ተቀያይመን ነው የከረምነው። ተቀያይመን ስል እኔ ተቀይሜ ማለቴ ነው። እሳቸው ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜም አልነበራቸውም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ተምች መጠበቅ ነው። ዓለም ጤና፣ መቂ፣ አንዳንዴም እስከ ሁሩታ ድረስ በየማሳው ዳር የተሰቀሉ ወጥመዶች ነበሯቸው። ጠዋት ጠዋት እየዞሩ ስንት የእሳት እራት እንደገባ ቆጥረው ይጽፋሉ። ቁጥሩ ድንገት ከጨመረ ተምች እየመጣ ነው ማለት ነው፣ ለገበሬው ይነገረዋል። ሌላው ሠራተኛ ቆጥሮ ሲመለስ፣ እሳቸው በመንገዳቸው ያዩትን ቢራቢሮ ሁሉ በሌላ ደብተር መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ አበልም የለውም። ሠላሳ ዓመት ጻፉ። የዓለም ጤና የሽንኩርት ገበሬዎች «አባ ቢላቻ» ነበር የሚሏቸው፤ ቢላቻ በኦሮምኛ ቢራቢሮ ነው። ትክክለኛ ስማቸውን የማያውቅ ገበሬ ብዙ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ያሉ ሰው ነበሩ። ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት ነበራቸው፤ በአዳማ ሙቀት እንኳ አያወልቁትም። በአንዱ ኪስ ደብተር፣ በአንዱ እርሳስ፣ በአንዱ ቢራቢሮ የሚጠቀለልበት ሦስት ማዕዘን የታጠፈ ወረቀት፣ በአራተኛው ደግሞ ደረቅ ዳቦ። እስክሪብቶ አይወዱም፣ ዝናብ ያጥበዋል ይላሉ። መንገድ መሃል ድንገት ይቆሙና ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነው። አንዴ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥሩንባውን ነፍቶ ነፍቶ ሲያቅተው አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ዝናብ እየለመኑ ነው?» አላቸው። «የለም፣ ነፋስ እያየሁ ነው» ብለው በእርጋታ መለሱለት። ልጁ ዞሮ አለፈ።

እኔ የተዋወቅኋቸው ተከራያቸው ሆኜ ነው። ሞጆ በትራንዚተርነት፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ በማስጨረስ፣ ሥራ ሳገኝ የከተማው የቆዳ ፋብሪካ ሽታ አልስማማኝ ስላለ አዳማ ቤት ፈለግሁ፣ እሳቸው ጊቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራየሁ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ነርስ ነበሩ፤ እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው። ምግብ ሲቀርብ ጸሎቱን የሚያሳርጉት እትዬ ማርታ ናቸው፣ ምክንያቱም ጋሽ ደበላ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ መቆየት አይሆንላቸውም፤ አንድ ነገር በርሮ ቢያልፍስ?

የመጀመሪያ ሰሞን ለመግባባት ያህል፣ «ጋሽ ደበላ፣ ትናንት ትልቅ ቢጫ ቢራቢሮ አየሁ» አልኳቸው። ሰው እንዲህ ሲባል «ጎሽ» ብሎ ያልፋል ብዬ ነው። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የት?»

«እዚህ መንገድ ላይ።»

«የትኛው መንገድ?»

«ወደ ታክሲው የሚያወጣው።»

«በስንት ሰዓት?»

«እኔ እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«ነፋሱ ከየት ነበር?»

«ኧረ ጋሽ ደበላ፣ እኔ ነፋስ አላየሁም።»

«እንግዲያው ቢጫ ነገር አይተሻል» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ደብተሩን ሳይገልጡት መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢራቢሮ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ሰዓቴን ሆነ። በወሩ ይሁን በሁለት ወሩ አንዷን ከነሰዓቷ፣ ከነቦታዋ ነገርኳቸው። ጻፉት። ከጎኑም የእኔን ስም ጻፉ። ሰው በዚህ ይደሰታል ብትሉኝ አላምንም ነበር፣ ግን ተደስቻለሁ።

ደብተሩ ሦስት ክፍል አለው። «ነዋሪ» እዚሁ ተፈልፍሎ እዚሁ የሚሞተው ነው። «መንገደኛ» በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ የሚያልፈው ነው። «እንግዳ» የሚሉት ደግሞ እዚህ አገር ምንም ጉዳይ የሌለውን፣ ነፋስ ገፍቶት ወይ መንገድ ስቶ የደረሰውን ነው። የነዋሪው ገጽ ብዙ ነው፣ የመንገደኛው ትንሽ ነው፣ የእንግዳው ገጽ ባዶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ። እንግዳ ለመጻፍ ማየት ብቻ አይበቃም፣ በራሱ ክንፍ መምጣቱ መታወቅ አለበት። በአበባ ማሰሮ ተጭኖ ወይ በዕቃ መሃል ተደብቆ የመጣ ከሆነ አይቆጠርም።

«በሰው እጅ የመጣ እንግዳ አይባልም፣ ዕቃ ነው» ይላሉ።

«እሱማ የእኔ ክፍል ነዋ» እላቸዋለሁ። «ላኩልኝ፣ ቀረጥ አስከፍለዋለሁ።»

በዚህ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል።

የእንግዳው ገጽ ባዶ የሆነው ሰው ሳያመጣላቸው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ሁሩታ አንድ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ የስንዴ ገበሬ። ማሳቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ቢራቢሮ አይቻለሁ ብለው ከሁሩታ አዳማ ድረስ መጥተው ነገሯቸው። እትዬ ማርታ ምሳ አቀረቡ፣ ጋሽ ደበላ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ሽማግሌው ሁሉንም መለሱ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን ሳይቀር። ጋሽ ደበላ ግን አልጻፉም። ሽማግሌው ጎርሰው ሳይጨርሱ ተነሱ።

እንግዳው እንደወጡ እትዬ ማርታ ተቆጡ። «እኚህ ሰው ይዋሻሉ ነው የምትለው?»

«አይዋሹም።»

«ታዲያ ለምን አትጽፈውም?»

«ጥያቄውን እኔ ስጠይቅ ነው መልሱን ያሰቡት። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ነፋሱን ስጠይቃቸው እኔን ለማስደሰት ነው ከምሥራቅ ያሉት።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አኩርፈው ከረሙ። በኋላ ታርቀዋል፣ ሰማያዊው ቢራቢሮ ግን ደብተሩ ውስጥ አልገባም።

እኔ እዚያ ጊቢ በገባሁ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ዶክተር ኃይሉ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር የአገሪቱን ቢራቢሮዎች ዝርዝር በመጽሐፍ ሊያወጡ እየሰበሰቡ መሆናቸውን ጋሽ ደበላ ሰሙ። መረጃ ያለው ሰው በኢንተርኔት ቅጽ እየሞላ ይልክላቸዋል። ጋሽ ደበላ ኮምፒውተር አይነኩም፣ እኔ ደግሞ ቅጽ መሙላት እንጀራዬ ነው። እናም ለወራት ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሮዬ እየቆየሁ የሠላሳ ዓመቱን ደብተር አስገባሁላቸው። በመጽሐፉ ውስጥ በየቢራቢሮው ሥር ያየው ሰው የስሙ ፊደል ይጻፋል፤ የእሳቸው «ደ.» ነበረች። ለእንግዳ ግን ይዞ የላከው ሰው ስም ሙሉውን ነው የሚወጣው።

«እንግዳ ቢገኝልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ እኔ እየጻፍኩ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው። «አንድ መስመር። ልጆቼ አባታችን በየሜዳው ምን ሲሠራ ነበር ቢሉ የሚያዩት።» ስለ ራሳቸው ምኞት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዳዋን ያየኋት እኔ ነኝ።

በምሳ ሰዓት ነው። ከወደቡ አጥር ውጭ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ አለ፣ አበባው ላይ አንድ ጥቁር ቢራቢሮ ተቀምጣለች። ክንፏ ላይ ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣቦች አሉ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ጠርዛቸው ሐምራዊ ይሆናል። አዳማም እሷን የመሰለ ነዋሪ አለ፣ ጋሽ ደበላ አሳይተውኛል። ይቺ ግን ገዘፍ ትላለች፣ ክንፏን ስትገጥም ደግሞ ከታች የእኛው ቡኒ ነው፣ የእሷ ጠቆር ያለ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ከሃያ። ደወልኩላቸው።

የክንፏን ቀለም ስነግራቸው፣ «አትነኪያት፣ ዐይንሽንም አትንቀይ» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።

ፀሐይ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የወደቡ ጥበቃዎች ሲስቁብኝ ነበር። እሳቸው ሚኒባስ ይዘው፣ መረባቸውን ታቅፈው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። በአንድ ውርወራ ያዟት። በሦስት ማዕዘኑ ወረቀት ጠቀለሏት። «ይቺ የባሕር ማዶ ናት» አሉ። «እዚህ አገር ሜዳ ላይ አይቻት አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ ኮንቴይነሮች ተደራርበው ተቀምጠዋል።

«ከየት የመጡ ናቸው?»

«አብዛኛው ከሩቅ ምሥራቅ ነው።»

«ዛሬ የተከፈተ አለ?»

«ጠዋት ለፍተሻ ሁለት ተከፍተዋል።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ አየሁት። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው አነሱ፤ ነፋስ የሚባል የለም፣ ቀጥ ብሏል።

«አንቺ ስታያት ነፋሱ ከየት ነበር?»

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። ያን ሁሉ ጊዜ ተምሬ ሰዓቱን ይዣለሁ፣ ነፋሱን ግን አላስተዋልኩም። አላስተዋልኩም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ እንግዳ ናት ወይስ ዕቃ?»

«አላውቅም» አሉ። «ባሕሩን በነፋስ ተሻግራ ሊሆን ይችላል፣ ከኮንቴይነር ወጥታም ሊሆን ይችላል። ያወቅነውን እንጻፍ።»

ቢሮዬ ገብተው፣ ያተምኩላቸውን የእንግዳ ቅጽ በእርሳስ ሞሉት። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መጀመሪያ ያየው ሰው፣ የያዘው ሰው፣ ቀለም፣ መጠን። ሁለት ቦታ ባዶ ተዉ። አንዱ «የነፋስ አቅጣጫ» የሚለው ነው። ሌላው «ከጭነት ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል?» የሚለው ነው። «እንዳለ አስገቢው፣ ይፍረዱ» ብለውኝ ቢራቢሮዋን በፖስታ ሊልኩ ሄዱ።

እኔም አስገባሁ። «ላክ» የሚለውን ስጫን ሲስተሙ አልቀበልም አለ። ባዶ የተተዉት ሁለት ቦታዎች ላይ ቀይ ኮከብ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ምርጫው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው፣ አላውቅም የሚል የለውም።

ይሄን የሚረዳኝ ትራንዚተር ብቻ ነው። የእኛ ሥራ ባዶ ቦታ አለመተው ነው። አንድ ባዶ ካለ ፋይሉ ይመለሳል፣ ዕቃው ይቆማል፣ ደንበኛው ይጮኻል። «አዎ» የሚል መልስ ደግሞ ጥያቄ ይጠራል፤ እኛ ጋ ቢሆን ቀይ መስመር የሚባለው ፍተሻ ገብቶ ተበርብሮ ነው የሚወጣው። አሥር ዓመት እንዲህ የሠራች እጅ ብዙ አታስብም። «አይደለም» የሚለውን ነካሁ። ነፋሱን ደግሞ ጠዋት ከአዳማ ስመጣ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች ወደ ምሥራቅ ዞረው ያየሁ ስለመሰለኝ «ምሥራቅ» አልኩ። ሄደልኝ። ወረቀቱን በቦክስ ፋይል አስገብቼ ቤቴ ገባሁ። ትልቅ ውለታ የዋልኩላቸው መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ወጣ። ጋሽ ደበላ አንድ ቅጂ ተላከላቸው። ሳሎናቸው ተቀምጠው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ነው ያነበቡት፤ እኔና እትዬ ማርታ ይዝለሉና የእርስዎን ይፈልጉ እያልን። በየገጹ «ደ.» ስትመጣ በጣታቸው ይነኳታል። መጨረሻ ላይ ደረሱ። ሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው እዚያ ነበር፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያ። እትዬ ማርታ እልል አሉ። ጋሽ ደበላ ግን ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ እያነበቡ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰናይት፣ ነፋሱን ማን አየው?»

ደንግጬ ሲስተሙ ባዶ አልቀበልም ማለቱን ነገርኳቸው።

«ነፋሱን ያየው ሲስተሙ ነው?»

«ጠዋት ማመንጫዎቹ ወደ ምሥራቅ ዞረው ነበር።»

«የአዳማ ኮረብታ ላይ። በጠዋት። እሷን ያየሻት ሞጆ ነው፣ በስድስት ሰዓት።»

«ጋሽ ደበላ፣ ማን ይጠይቃል? ደግሞስ እውነት ሊሆን ይችላል።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ከእኛ በኋላ አንዱ ይሄን ያነባል» አሉኝ። «የምሥራቅ ነፋስ ባሕር ያሻግራታል ብሎ ይነሳል፣ በዚያ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። እኔ አልኖርም፣ አንቺም አትኖሪም። ማንን ይጠይቅ?»

እንዲሰረዝ እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ለመንኳቸው። አንድ መስመር ነው የፈለጉት፣ አግኝተውታል፣ ይተዉት አልኩ። እትዬ ማርታም ለመኑ። ጋሽ ደበላ መጽሐፉን ዘግተው ሁለት ቀን ቁጭ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ልተይብልዎት ስላቸው «አይ፣ ይሄን እኔው» አሉኝ። ደብዳቤውን አላሳዩኝም። ከዚያም በኋላ ምንም የሚጻፍ ነገር አላመጡልኝም። እጄን እንዳላመኑት ቆጠርኩት፣ ከፋኝም። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ከጊቢው ስወጣ ቀለል አለኝ ብል አልዋሸሁም።

ቆይቶ የተሻሻለው ዝርዝር በኢንተርኔት ወጣ። በስልኬ ከፍቼ ፈለግሁ። እንግዳዋ የለችም። ያንንስ ጠብቄ ነበር። ግን «ደ.» የምትባል ፊደልም የለችም። የዓለም ጤናው፣ የመቂው፣ የሁሩታው፣ ሠላሳ ዓመት የተለፋበት ሁሉ ተሰርዟል። ግትርነታቸው እዚህ ደረሰ ብዬ ደወልኩላቸው።

«በአንዷ ተናደው ሁሉንም አስወጡት? ያን ሁሉ ወር ያስገባሁት እኔ ነኝ እኮ። ለእኔ ድካም እንኳ አያዝኑም?»

«ተይው ሰናይት። ሥራ እንዴት ነው? ደህና ነሽ?» አሉኝ።

ደህና ነኝ ብዬ ዘጋሁባቸው። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ብቻ ነበር ብቅ የምለው፣ ቆሜ ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የተበደልኩት እኔ ነበርኩ።

ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዘምራሉ፣ ከዓለም ጤና የመጡ ገበሬዎች ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ያ ከሁሩታ ያኮረፉት ሽማግሌም ነበሩ። ቀብሩ ተፈጽሞ ስንመለስ አንድ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ እትዬ ማርታን አጽናንተው ሲያበቁ ስሜን ሰምተው ወደ እኔ መጡ። ዶክተር ኃይሉ ነበሩ።

«መረጃውን ያስገቡላቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «ያሳዝናል። እንደ እሳቸው በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ምነው ያንን ነፋስ ባልጨመሩት።»

«ማን?»

«እሳቸው። በደብዳቤያቸው አምነዋል እኮ። ነፋሱንም የጭነቱንም ጥያቄ ሳላውቅ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ይሰረዝልኝ ብለው ነው የጻፉት። አንዴ ያላየውን የጻፈ ሰው ሌላውንስ እንዴት ልመነው? ሁሉንም ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ነገርኳቸው፣ አልተከራከሩኝም።»

ከዶክተሩ ፊት ምን ብዬ እንደተለየሁ አላስታውስም። እትዬ ማርታን መኝታ ቤታቸው ድረስ ተከትዬ ገባሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይጠየቅም፣ እኔ ግን ጠየቅኋቸው።

«ደብዳቤውን ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ውሸት አይደለም ወይ አልኩት። ነው አለኝ። ልጅቷ የምትበላው ወረቀት ሞልታ ነው፣ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ጻፈች ተብሎ በመጽሐፍ ከወጣ ማን ሥራ ይሰጣታል አለኝ። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። አሁን እሱ የለም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለቅሶው ለሞታቸው ይሁን ለዚያ ስልክ እኔም አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ያላዩትን ሳይጽፉ ኖረው አንድ ውሸት ጻፉ፣ እሱም ለእኔ፣ እኔ ደግሞ ደውዬ ጮህኩባቸው።

ዶክተሩ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸው በሞጆ ስለሆነ ቢሮዬ ጎራ እንዲሉ ለመንኳቸው። ከእሳቸው በፊት ደርሼ ቦክስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። እኛ ወረቀት አንጥልም። ሦስተኛው ውስጥ፣ በሁለት የጎማ ማስመጫ ሰነዶች መሃል አገኘሁት። የእሳቸው እጅ፣ የእሳቸው እርሳስ፣ ሁለቱ ባዶ ቦታዎች እንዳሉ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ስልካቸው ላይ የደብዳቤውን ፎቶ ከፍተው አጠገቡ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይሄ እጅ አንድ ነው» አሉ።

«አንድ ነው።»

«እንግዲያው ደብዳቤው ነው ውሸቱ።»

«ደብዳቤው ነው። እኔን ለማዳን ነው የጻፉት። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይሄ ካለ የሠላሳ ዓመቱን መመለስ እችላለሁ። ቢራቢሮዋም አመጣጧ አይታወቅም ተብሎ ከስማቸው ጋር ትገባለች። ግን ለምን እንደሰረዝኩትና ለምን እንደመለስኩት ምክንያቱን ማተም አለብኝ። ስምዎ ይወጣል። እርስዎ ደግሞ በዚህ ሙያ ላይ ነው ያሉት።»

ፈራሁ፣ አልደብቅም። በመስኮት የሚታየኝ ደንበኛ አለ፣ ከበላዬ አለቃ አለ፣ ሞጆ ውስጥ ወሬ የሚበርበት ፍጥነት ደግሞ የታወቀ ነው። ጋሽ ደበላ ከዚህ ሊያድኑኝ ሁሉን እንዳጡ አውቃለሁ፤ ይሄን ማድረጌ የሰጡኝን መልሶ መጣል እንደሆነም ገብቶኛል።

«ይውጣ» አልኳቸው። «ደብዳቤውም ውሸት እንደነበር ይጻፉት፣ ለማን ብለው እንደሆነም።»

ዶክተሩ ብዕራቸውን አወጡ።

«ቅጹን ያስገባው?»

ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ነገርኳቸው።

«የት?»

«እዚሁ ወንበር ላይ።»

«ቀኑ?»

ወረቀቱ ላይ ካለው አነበብኩላቸው።

«ሰዓቱ?»

አፌ ላይ አሥራ አንድ ተኩል የሚል መጥቶ ነበር። ሊሆን ይችላል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነበር፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ ዶክተሩም ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው እየጠበቁ ነው።

«ሰዓቱን አላውቅም» አልኳቸው። «ባዶ ይተዉት።»